ቶዮታ ሲነካ ለምንድነው እኛን የሚያመን? (እስከ መልስ 33 ያለው ተሰብስቧል)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ገጹ ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ መልስ 3 ላይ ያለቀውን ነገር እንደ አዲስ ስለሚጠይቅ የመጀመሪያውን ፖስት ኤዲት አድርጌ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ከስር አስገብቻለሁ። የማንንም ጽሁፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፣ በራሴ አባባል ነው፣ አዛብተኸዋል የሚል ካለ ከታች ይውቀሰኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር። የእህቴ ባል መኪና ሊገዛ ነው፣ በያዘው ብር ወይ አሮጌ የቶዮታ ቪትዝ ወይ ትንሽ ጨምሮ አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ ያገኛል። ነገሩ ቤት ውስጥ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ቪትዝ አለ፣ መሪ ጨብጠው የማያውቁት አክስቴ ሳይቀሩ። (ገና አልገዛም፣ በኢንቦክስ አትጠይቁኝ።) ምክንያቱ አይደለም የገረመኝ፣ ምክንያቱንማ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፣ መለዋወጫ አለው፣ ዋጋው አይወርድም፣ የትም ጋራዥ ይሰራል። የገረመኝ ንዴቱ ነው። ልጁ የቻይናዋን ስም በጠራ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በግል የተሰደበ ይመስላል። ኩባንያው ጃፓን ነው ያለው፣ አክስቴን አያውቃቸውም፣ አንድ ቀን ለበዓል እንኳን አደረሰዎ ብሎ አልደወለላቸውም፣ እሳቸው ግን ጠበቃው ሆነው ቁጭ ብለዋል። እና ሰው የውጭ ኩባንያን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚይዘው ከምን የተነሳ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የራሴን ግምትም አብሬ ጽፌ ነበር፣ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረታችን መኪና ስለሆነ ቶዮታ ተናቀ ማለት ያስቀመጥነው ብር ተናቀ ማለት ሆኖ ይሰማናል የሚል።

መልስ 1 በጨዋ ደንብ ነው የጀመረልን። አመስግኖኝ፣ በግምቴ በከፊል እንደሚስማማ ገልጾ፣ ስለ አባቱ ዲኤክስ ጻፈ። እሱ ሳይወለድ የተገዛች ኮሮላ ናት፣ አባቱ ከመስሪያ ቤት መልስ ሰው እያመላለሱባት የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍለውባታል፣ ሁለት እህቶቹ በሷ ተሞሽረዋል፣ አሁንም ግቢ ውስጥ ቆማ አለች፣ ትነሳለችም። እሷን መስደብ ለሱ አባቱን መስደብ ነው፣ ብርም ምንም አይደለም። ከዛ ደግሞ ለመረጃ ያህል ብሎ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥታ በ2021 የተሸጠው ቁጥር 50 ሚሊዮን ማለፉን ጨመረ፣ ማለትም የኛ ቤት ትዝታ ነው የምንለው ነገር ፓኪስታንም ፔሩም አለ ማለት ነው። ይሄ ሁለተኛው ነገር ላይ ማንም አልቆመበትም፣ እኔ ግን ትንሽ አሰብኩበት፣ 50 ሚሊዮን ሰው እያንዳንዱ የኔ ብቻ ናት የሚላት መኪና።

መልስ 2 እኔም ብቻ ነው የሚለው።

መልስ 3 ደላላ ነው፣ እራሱ ነው ደላላ ነኝ ያለው። ቁም ነገሩን እሱ ነው ያስቀመጠው። መኪናችን አምስት አመት ነድተነው ከገዛንበት በላይ የሸጥነው ቶዮታ ስለሆነ እንዳይመስለን ነገረን። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ ስለዚህ ቀድሞ የገባው ሁሉ ተወደደ። ቀጥሎ ጥር 2016 ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ፣ ያው የነበረው ላይ ተጨማሪ ዋጋ ወጣ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለና ዶላሩ ዘለለ፣ መኪናውም አብሮ ዘለለ። እንደሱ አባባል በዚህ መሀል በሬ የገዛም በሬው ይወደድለት ነበር፣ ቶዮታ የሚለየው ቶሎ መሸጡ ላይ ብቻ ነው። ሰው ግን የመንግስትን ፖሊሲ ውጤት ወስዶ ለጃፓኖች ምስጋና ሰጠ። በነገራችን ላይ ዋጋው ለምን አይወርድም እያላችሁ የምትጠይቁ ሰዎች፣ መልሱ ይሄ ነው፣ እባካችሁ።

መልስ 4 መልስ 3ን አረመው፣ ጨዋነቱን ሳይለቅ። የሌሎቹም ዋጋ ጨምሯል ማለት ወረቀት ላይ ነው አለ፣ እሱ የአውሮፓ መኪና ነበረው፣ ስሟን አልጠራም፣ ንጹህ፣ አደጋ ያልነካት፣ ዋጋዋ ጥሩ ተብሎ ተገመተና ገዢ ጠፍቶ ወራት ቆመች። የሚመጣው ሰው ሁሉ መኪናዋን ያደንቅና መለዋወጫስ ብሎ ይሄዳል። በመጨረሻ ቀንሶ ሸጠ። ስለዚህ ቶሎ መሸጥ ብቻ የተባለው ነገር ብቻ የሚባል አይደለም፣ ዋናው እሱ ነው።

መልስ 5 ላይ ቆም እንበል፣ እኔ ክሩን የከፈትኩት ለዚህ መልስ ይመስለኛል። ጋራዥ ያለው ሰው ነው፣ አዲስ አበባ። እሱ እንደሚለው እዚህ ሀገር ቶዮታን ቶዮታ ያደረገው ማስታወቂያ አይደለም፣ ቶዮታ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስደንቅ ማስታወቂያ ሰርቶ የሚያስታውስ ሰውም የለም። መካኒኩ ነው ያደረገው። ልጅ ሆኖ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ቁልፍ ማቀበል ነው፣ ቀጥሎ የሚፈታው ሞተር የኮሮላ ነው፣ ምክንያቱም ከቆሙት መኪናዎች ግማሹ ኮሮላ ነው። በኮሮላ የተማረ እጅ ሌላ መኪና ሲመጣለት ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ አላውቀውም አይልም፣ መካኒክ አላውቅም ካለ ደንበኛ ያጣል፣ መኪናው አይረባም ነው የሚለው። ደንበኛው ሰምቶ ሄዶ ለወንድሙ ይነግራል። ወንድሙ ቶዮታ ይገዛል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ኮሮላ አንድ ይጨምራል። ሶማሌ ተራ ያለው ነጋዴም የሚጠየቀውን ነው የሚያመጣው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብትነቃ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ታገኛለህ፣ የሌላውን ደግሞ በትዕዛዝ። እሱ እራሱ ስንቱን ደህና መኪና እንዲህ ስም እንዳጠፋበት ያለምንም ማፈር ጻፈው፣ ሰዉም ወደደለት። ለኔ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የቀረበ መልስ ነው እላለሁ። ኩባንያው የሰራው መኪናውን ነው፣ ስሙን ግን ጋራዥ ውስጥ በቅባት እጅ የሰራነው እኛው ነን፣ የራሳችንን ስራ ነው የምንከላከለው።

መልስ 6 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ የሚኖር ሰው ነው፣ መካኒኩን ደግፎ ግን ነገሩ የኛ ሀገር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት የሰፈሩን ታሪክ አመጣ። ከቤቱ ብዙም የማይርቀው ፍሪሞንት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ቶዮታና ጀነራል ሞተርስ በሽርክና ኑሚ የሚባል ፋብሪካ ከፈቱ። እዛው ፋብሪካ፣ እዛው መስመር ላይ፣ ያው ሰራተኛ፣ ኮሮላም ይገጥማል፣ መጀመሪያ ሼቭሮሌት ኖቫ በኋላ ጂኦ ፕሪዝም የተባለችውንም ይገጥማል። ከውስጥ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ከውጭ መልካቸው ትንሽ ይለያል፣ ዋናው ልዩነት ምልክቱ ነው። አሜሪካኑ ግን ለኮሮላዋ ጨምሮ ይከፍላል፣ ሲያገለግሉም ፕሪዝሟ ቀድማ ትረክሳለች። ያወቀ ሰው ፕሪዝም እየገዛ ኮሮላ ይነዳ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋና ቴስላ ገዛው፣ አሁን እዛ ግቢ የሚወጣውን መኪና የሚነዱት ሰዎች ደግሞ ስለ ምልክታቸው ምን ያህል ሃይማኖተኛ እንደሆኑ እሱ ከሚነግረን መጥተን ብናየው ይሻላል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 7 ተጠራጠረ። በርግጥ አንድ ናቸው ወይ፣ ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ወይስ እንደኛ ሀገር ወሬ ነው ብሎ በትህትና ጠየቀ። መልስ 8 ላይ የካሊፎርኒያው ተመልሶ የሚጨመረው ዕቃ፣ ወንበሩና የፊት መልኩ እንደሚለያይ አምኖ መሰረቱ ግን የኮሮላ መሆኑን ደገመ። እዚህ ጋር የሚገባኝ ነገር አለ፣ የአሜሪካው ሰውዬ የጎደለበት መለዋወጫ የለም፣ ሁለቱም ይሰራሉ፣ ስለዚህ የመልስ 5 ማብራሪያ ለፍሪሞንት አይበቃም። እዛ ያለው በምልክቱ ላይ የተከማቸ የሰው ወሬ ብቻ ነው። ይሄን ማንም አላነሳም፣ ለራሴ ነው የምጽፈው።

መልስ 9 ሴት ናት፣ ቆንጠጥ አደረገችን። እስካሁን ያነበበችው በሙሉ ወንዶች ስለ ሞተር የሚያወሩት ነው፣ ሰው ከብራንድ ጋር ያለውን ነገር ማየት ከፈለጋችሁ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ስልክ እዩ አለች። አይፎን የያዘ ሰው ካሜራው ወደ ላይ እንዲታይ ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። ቴክኖ የያዘ ኪሱ ውስጥ ይተወዋል። ቴክኖ ደግሞ እኮ የእናት ድርጅቱ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ሀገር ሲገጣጥመው የኖረ፣ በአማርኛ የሚጻፍበት አድርጎ ያመጣልን፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ቻርጅ የማይጨርስ ስልክ ነው፣ በአገልግሎት ቢሆን መኩሪያችን እሱ ነበር። እሱ ግን አገለገለን እንጂ አላስከበረንም። ስለዚህ የመካኒኩ ታሪክ ደህና ታሪክ ነው ግን ግማሽ ነው፣ አንዳንዱን ምልክት የምንወደው ስለሚሰራልን ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ ስለሚያሳየን፣ ቶዮታ ዕድለኛ ሆኖ ሁለቱንም ይዟል፣ ቪትዙ ይሰራልሃል፣ ቪ ኤይቱ ያሳይሃል። እውነቷን ነው። አክስቴ ቪትዝ ሲሉ ከኋላዋ ላንድ ክሩዘሩም ቆሞ ይታያቸው ይሆናል።

መልስ 10 እና 11 የትኛው ስልክ ካሜራው ይሻላል ወደሚል ሄዱ፣ አድሚኑ መለሳቸው።

መልስ 12 ላይ ድምጹ ተቀየረ። መኪና የለኝም ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የሚኖረኝም አይመስለኝም ብሎ ይቀጥላል፣ እና እናንተ እዚህ ስለ ቶዮታ ፍቅር ስትጽፉ ከአዲስ አበባ ህዝብ አብዛኛው ቶዮታን የሚያውቀው ከኋላ ወንበር መሆኑን ረስታችኋል አለን። እሱ ቶዮታን የሚያውቀው በሃይስ ነው፣ ዶልፊን ውስጥ አራተኛ ሰው ሆኖ ለሦስት ሰው ወንበር ላይ ታጥፎ፣ የሰው ጃኬት ፊቱ ላይ፣ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ፣ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ደግሞ አባዱላ ውስጥ። ስሞቹንም ልብ በሉ አለ። ዶልፊን ያላት ቶዮታ አይደለም፣ አባዱላ ያላት ቶዮታ አይደለም፣ አይሱዙን በገደለው ሰው ብዛት አልቃይዳ ያለው ኩባንያው አይደለም። ኩባንያዎቹ ስም ለማውጣት ስንት ባለሙያ ቀጥረው የሚያወጡትን ስም እኛ አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እንጥለውና ሌላ እናወጣለን። ታዲያ ማን ነው የማን ደንበኛ? መኪና ያላችሁ ሰዎች የኩባንያውን ስም ይዛችሁ ትከበራላችሁ፣ እኛ ደግሞ ስሙን ቀይረን እንሳፈራለን አለ። ትንሽ ይናደፋል፣ ግን በክሩ ውስጥ እንደሱ የጻፈ የለም። የምታነቡት አንዱን ብቻ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

መልስ 13 ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። መልስ 12ን ልጄ ብለው ጀምረው፣ እሱ ያለው ከዶልፊን በፊትም እንደነበረ አስታወሱት፣ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባትን ታክሲ ውይይት ያላት ህዝቡ ነው። ከዛ ስለ ቮልስ ጻፉ። በሳቸው ጊዜ ሰው የሚከራከርለት መኪና ቶዮታ አልነበረም፣ ቮልስ ነበረች። ውሀ የማትፈልግ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ በጭቃ የምትወጣ፣ ደመወዝተኛ ሊገዛት የሚችል። ጃንሆይ እንኳን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግስት የወጡት በቮልስ ነው፣ ደርግ ከሮልስ ሮይሱ ሁሉ መርጦ እሷን አቀረበላቸው፣ ያቺን ቀን ያየ ሰው ስለ መኪና ምልክት የሚማረው ሌላ ነገር የለም አሉ። ታዲያ ያ ሁሉ የቮልስ ፍቅር የት ገባ? ዕቃዋ ሲጠፋ ፍቅሩም ጠፋ። የሚያውቃት መካኒክ አረጀ፣ ልጁ ኮሮላ ተማረ። አሁን ያሉት ጥቂት ቮልሶች የሚያምሩ ናቸው፣ ቀለም ተቀብተው ለሰርግ ይከራያሉ። የናንተም ቶዮታ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ እኔ አላየውም እናንተ ታዩታላችሁ ብለው ጨረሱ። ለሳቸው የተጻፈው ምስጋና ብዙ ነው፣ አልቆጠርኩትም።

መልስ 14 ጋሼ ያላነሷትን ላዳን አስገባ፣ የሶቪየት ናት ብለን ስንቀልድባት የኖርነው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ከፊያት 124 የተቀዳች መሆኗን፣ ስለዚህ ጣሊያን ሀገር ብትወጣ ኖሮ እናከብራት እንደነበር። ደህና ነጥብ ነው፣ አጭር ናት።

መልስ 15 ከእስራኤል፣ ነታንያ። እሱ ቤተሰቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲገቡ ሰፈሩ ውስጥ የቆሙት መኪናዎች ሱባሩ ብቻ ይመስሉት ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቀው አድጎ ነው፣ ቶዮታን ጨምሮ ትልልቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች የአረብ ሀገራትን ማዕቀብ ፈርተው እስራኤል ውስጥ አይሸጡም ነበር፣ ሱባሩ ግን ገባች። ቶዮታ የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዛ ዘመን ሰዎች እስከዛሬ ስለ ሱባሩ ሲያወሩ ክፉ ቀን ላይ እንዳልከዳ ጓደኛ ነው የሚያወሩት፣ ኩባንያው ያኔ የገባው ትንሽ ስለነበረና ብዙ የሚያጣው ገበያ ስላልነበረው መሆኑ አይታያቸውም። መልስ 16 ከሪያድ ሆኖ የነገሩን ሌላ ጎን ሰጠው፣ ሳዑዲ ውስጥ አብዱል ለጢፍ ጀሚል ቶዮታን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሲያስገባ የኖረ ነው፣ አሰሪዎቹ ቤት አያትየውም ልጅየውም የሚነዱት ላንድ ክሩዘር ነው፣ እንደውም ጃፓን የሚለውን ነገር ከነጭራሹ ረስተውታል፣ የበረሃ መኪና ነው፣ የራሳቸው ነው። ሁለቱን መልሶች አጠገብ ለአጠገብ ሳነብ አንድ ኩባንያ አንዱ ጋ ሲቀር ሌላው ጋ እንዴት የአያት ንብረት እንደሆነ ደነቀኝ።

ከመልስ 17 ጀምሮ ጸቡ ነው። መልስ 17 የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ነው፣ እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ አልቻለም። በጣም ረጅም ስለሆነ የማስታውሰውን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጀርመን መኪና ነው እያሉ የቮልስዋገኑን ኤሌክትሪክ አይዲ ሲክስ የሚነዱ ሰዎች መኪናው ቻይና ውስጥ ብቻ የሚሰራ፣ ለቻይና ገበያ የተሰራ መሆኑን አያውቁም ወይ ማወቅ አይፈልጉም፣ ያው ሰዎች የቻይናውን መኪና ሰሪ ቢዋይዲን የቻይና ካልሲ ያስመስሉታል። ሁለተኛ፣ ቶዮታ እራሱ ከቢዋይዲ ጋር በሽርክና ኩባንያ መስርቶ ቻይና ውስጥ የሚሸጣት ቢዚ ስሪ የምትባለው ኤሌክትሪክ ባትሪዋ የቢዋይዲ ነው። ሦስተኛው ነው ሰዉን ያሳበደው። እናንተ ቪትዝ ቪትዝ የምትሉት ስም ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ቀርቶ ያሪስ ተብሏል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ አዲስ ቪትዝ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ የቶዮታ ምልክት የተለጠፈበት፣ ህንድ የተሰራ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ነው። አዲሷ የቶዮታ ስታርሌትም የሱዙኪ ባሌኖ ናት። አክስትህ የሚያፈቅሩት ስም ነው፣ ስሙን ደግሞ ባለቤቱ እንኳን ሌላ መኪና ላይ ለጥፎታል አለኝ። በቀጥታ ለኔ ነው የጻፈው፣ አክስቴን ባያነሳ ደስ ይለኝ ነበር ግን ያለው ልክ ነው።

መልስ 18 ተናደደ። የሴሌሪዮን ነገር ዘሎ የቻይና ሻጭ ነህ፣ ኮሚሽን ስንት ነው ወደሚል ገባ፣ ከስድቡ መሀል ግን አንድ ጥያቄ ነበረችው፣ ባትሪው ዋስትናው ሲያልቅ ማን ይለውጥልሃል፣ በስንት። መልስ 19 ባትሪውን ዘሎ (በዚህ ክር ሁሉም የማይመቸውን እየዘለለ ነው የሚሄደው) ስለ ቶዮታ ጥፋቶች ዘረዘረ። ለዓለም ገበያ በብዛት ያወጧት የመጀመሪያዋ ኤሌክትሪካቸው ቢዚ ፎር ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2022 የጎማዋ ብሎን ሊፈታ ይችላል ተብሎ ለጥገና ወደ ኩባንያው እንድትመለስ ተጠራች። የቶዮታ ልጅ ኩባንያ ዳይሃትሱ የደህንነት ፈተና ሲያጭበረብር እንደኖረ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ወጣ፣ እና እዚህ ሰው ቶዮታ ብሎ የሚነዳት አቫንዛ የዳይሃትሱ እጅ ያለባት ናት።

መልስ 20 የሰጠውን መልስ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ይሄ ሁሉ የቶዮታን ትልቅነት ነው የሚያሳየው አለ! ስህተቱን አምኖ መኪናውን ይጠራል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የነዳጅ ፔዳሉ ይጣበቃል የሚለው ጉዳይ ሲነሳ የኩባንያው የያኔ ፕሬዝዳንት አኪዮ ቶዮዳ እራሱ አሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠይቋል፣ ሌላው ኩባንያ ይደብቃል። ልብ በሉ፣ ያው ዜና ስለ ቻይናዋ ቢሆን ይሄው አላልኳችሁም ነበር የሚባለው፣ ስለ ቶዮታ ሲሆን የጨዋነቱ ማስረጃ ሆነ። መጥፎ ወሬ ወደ ጥሩ ወሬ የሚቀየርበት ደረጃ ላይ ከደረስክ በኋላ ስለ መኪና እያወራህ አይደለም። መልስ 20ን አልሰድብም፣ የኔ ቤተሰብ በሙሉ መልስ 20 ነው።

21 እና 22 የሉም፣ አድሚኑ አንስቷቸዋል፣ አይታችኋቸው ከሆነ አላያችሁም።

መልስ 23 ሳቅ ይዞ መጣና ክሩን አዳነው። የማንቸስተር ደጋፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 ደረቱ ላይ ሼቭሮሌት የሚል ማሊያ ለብሶ ኖሯል፣ በእንቅልፉም ለብሶታል፣ በነዛ ሁሉ አመታት ሼቭሮሌት ልግዛ የሚል ሀሳብ በልቡ አልገባም፣ አዲስ አበባ ውስጥም የገዛ ሰው አያውቅም። ኩባንያው በጣም ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የሱን ደረት ተከራየ፣ እሱ ግን ስሙን ያነበበው ማሊያው ሲታጠብ ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ማየት ብቻውን ፍቅር አያመጣም የሚል ነው ነጥቡ፣ መካኒኩን ይደግፋል። ከ24 እስከ 26 የአርሰናል ሰዎች ገብተው ቪዚት ሩዋንዳ የሚለውን ለብሰው ኪጋሊ የሄደ አለ የለም፣ ዋንጫስ፣ ምናምን፣ ታውቁታላችሁ።

መልስ 27 የራሳችን ብራንድስ ብሎ ሆላንድ ካርን አነሳ። ሞጆ ላይ ይገጣጠሙ የነበሩት አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ፣ ስማቸው ብቻ እንኳን ሊያኮራን ይገባ ነበር፣ እኛ ግን ሳቅንባቸው፣ ድርጅቱም ከሰረ። ቁጭቱ የእውነት ነው። መልስ 28 ያቺው የመልስ 9 ልጅ ናት፣ በዚህኛው አልራራችም። መኪናዎቹ ከቻይና መጥተው እዚህ የተገጠሙ እንደነበሩ አስታውሳ የወንዝ ስም መለጠፍና የቶዮታ ምልክት ሴሌሪዮ ላይ መለጠፍ አንድ ነው አለች፣ ስሙን አይደለም ያልገዛነው፣ ከኋላው የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው። 27 ለሀገር ፍቅር የላችሁም ብሎ ወጣ። መልስ 29 ቪ ኤይት የሚነዱት እነማን እንደሆኑ ሊዘረዝር ሲጀምር አድሚኑ ፖለቲካ አትክፈቱ ብሎ አቆመው፣ ጥሩ አደረገ፣ ክሩ ይዘጋብን ነበር።

መልስ 30 መካኒኩ ተመልሶ ነው፣ ሁላችንም ስንጠብቀው የነበረው። የመልስ 17ን ነገር ሳይቆጣ አነበበው። ኤሌክትሪክ መኪና ጋራዡ መምጣት ጀምሯል፣ ለጊዜው የሚሰራው ጎማ፣ እግር፣ ፍሬን፣ የተጋጨ ቦዲ ነው፣ ባትሪው አካባቢ አይነካም፣ አሰልጥኑኝ ቢል ማን እንደሚያሰለጥነው አያውቅም። ግን አንድ ልጅ አለው፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ከዩቲዩብ እያየ የሚፈታታ፣ እሱን እየተወው ነው። ይሄ ልጅ የፈታው መኪና ምንም ይሁን ምን ነገ ጥሩ መኪና የሚባለው እሱ ነው ብሎ ደመደመ። ጋሼም ከስሩ ላይክ አድርገውለታል።

መልስ 31 ደላላው ነው። እሱ ልጁንም ዩቲዩቡንም አያምንም። የኤሌክትሪኮቹ ችግር ባትሪ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቻይኖቹ እርስ በርስ በዋጋ ስለሚፎካከሩ ዘንድሮ የገዛኸው ሞዴል በሚቀጥለው አመት ተሻሽሎ ረክሶ እንደሚመጣ፣ በዛ ላይ መንግስት በ2014 ዓ.ም. ቫቱንም ኤክሳይሱንም ሱር ታክሱንም ስላነሳላቸው አዲሱ ለመግባት እንደማይቸግር፣ ስለዚህ ያገለገለው እንደ ቪትዝ አስቀምጬ ላተርፍበት የሚባል እንደማይሆን ገለጸ። መኪና ዕቃ መሆን ሊጀምር ነው ማለት ነው፣ የሌላው ሀገር ሰው እንደሚያየው። ከሆነ የኔ የመጀመሪያ ግምት መፈተኛ እሱ ነው፣ ብሩ ሲወጣ ፍቅሩ ይቀራል ወይ?

መልስ 32 ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ታክሲ የነዳ ሰው። ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ስትገባ የሀበሻ ሾፌር ሁሉ ባትሪዋ ሲሞት ምን ልትሆን ነው ይል ነበር፣ እሱም ብሏል። ከዛ አንዱ ደፍሮ ገዛ፣ ነዳጅ ምን ያህል እንደቆጠበ ቡና ላይ ተናገረ፣ ሌላውም ገዛ፣ ባትሪ የሚቀይር ሀበሻም ተገኘ፣ አሁን ፕሪየስ ያልያዘ ሾፌር ምን ነካው ይባላል። መልስ 33 ደግሞ ያቺ ፕሪየስ ቶዮታ ስለነበረች ነው የደፈሩት፣ ሌላ ስም ቢሆን ማንም አይሞክራትም ነበር ብሎ ጣለበት። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፣ 32 ግን እስካሁን አልመለሰለትም።

እንግዲህ እዚህ ደርሰናል። ከዚህ በኋላ የሚጽፍ ሰው መልስ 3፣ 5 እና 12ን አንብቦ ይምጣ። በተለይ የምፈልገው ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሸጠ ሰው ነው፣ ሊሸጥ ያሰበ ሳይሆን የሸጠ። በስንት ገዝታችሁ በስንት እንደሸጣችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነበረ፣ ገዢው መጀመሪያ የጠየቃችሁ ስለ ባትሪው ይሁን ስለ ስሙ ጻፉልኝ። ሻጮች ማስታወቂያ የምትለጥፉ ይነሳባችኋል፣ ለዛ ሌላ ክር አለ።